ለከባድ ሥራ ሞተር የናፍጣ ፊልትሮ አመራረጥ
ለሞዴል አርሶ አደሮች የተዘጋጀ የሥልጠና ጽሑፍ፣ ደብረ ማርቆስ

መግቢያ



እንደሚታወቀው በአካባቢያችን ትራክተር፣ የውሃ መሳቢያ ሞተርና የጭነት መኪና በግልም ሆነ በማኅበር የያዙ አርሶ አደሮች ቁጥር እየጨመረ መጥቷል። በኩታ ገጠም የተዘራ ስንዴ በኮምባይነር ይታጨዳል፤ ምርቱ በመኪና ተጭኖ ወደ ገበያ ይሄዳል፤ በበጋ ደግሞ እንደ ጨሞጋ ካሉ ወንዞች ውሃ በሞተር እየተሳበ መስኖ ይለማል። እነዚህ ሞተሮች ሁሉ የሚሠሩት በናፍጣ ነው። የናፍጣ ሞተር ደግሞ ጠንካራ ቢሆንም ቆሻሻና ውሃ ያለበትን ነዳጅ አይችልም።

ስለ ዘርና ማዳበሪያ ብዙ ተምረናል። ስለ ናፍጣ ፊልትሮ ግን ብዙዎቻችን የምናውቀው ሲደፈን መቀየር እንዳለበት ብቻ ነው። የትኛው ፊልትሮ ለየትኛው ሞተር ይሆናል የሚለውን ለመካኒኩ ወይም ለመለዋወጫ ሱቁ ትተነዋል። የዚህ ትምህርት ዓላማ አርሶ አደሩ ራሱ ጠይቆና አገናዝቦ ትክክለኛውን ፊልትሮ እንዲመርጥ ማስቻል ነው።

በትምህርቱ መጨረሻ ሠልጣኞች፦
• ፊልትሮ ምን እንደሚያጣራና ምን እንደማያጣራ ይለያሉ፤
• ከሞተራቸው ጉልበት ተነስተው የሚያስፈልገውን የነዳጅ ፍሰት ያሰላሉ፤
• ሱቅ ሲሄዱ የሚጠይቋቸውን 5 ጥያቄዎች ያውቃሉ፤
• ናፍጣ በቤት ሲቀመጥ መደረግ ያለበትን ጥንቃቄ ይተገብራሉ።

1. አንድ ያጋጠመን ጉዳይ

ከምከታተላቸው ቀበሌዎች በአንዱ ሦስት ወንድማማቾች በጋራ ያገለገለ የጭነት መኪና ገዙ። ሥራው እህል ወደ አዲስ አበባ መጫን ነበር። መኪናው «ጉልበት ያንሰዋል» ተብሎ መካኒክ ፖምፓውን ከፍቶ ናፍጣ እንዲጨምር አደረገው። በዚያው ቀን አሮጌው ፊልትሮ ወጥቶ በጥርሱ የገጠመ ሌላ ፊልትሮ ታሰረ። ዋጋው ረከስ ያለ ነበር፤ ሜዳ ላይ መኪናው ጥሩ ሄደ።

ከደጀን ወርዶ ዓባይን ተሻግሮ ወደ ጎሃ ጽዮን መውጣት ሲጀምር ግን ጉልበቱ እየከዳው መጣ። ዳር ይዘው ግማሽ ሰዓት ሲያሳርፉት ተነስቶ ጥቂት ይሄዳል፤ እንደገና ይደክማል። በሁለተኛውም በሦስተኛውም ጉዞ እንዲሁ ሆነ። ወንድማማቾቹ ሲያማክሩኝ እኔም «ፖምፓውን አስፈትሹ» አልኳቸው። ፖምፓው ወርዶ ተፈተሸ፤ ገንዘብ ወጣ፤ መኪናው በአጨዳ ወቅት ቆመ፤ ችግሩ ግን እዚያው ነበር።

በመጨረሻ የተገኘው ነገር ቀላል ነው። የታሰረው ፊልትሮ ለአነስተኛ ሞተር የተሠራ ስለነበር ያን ያህል ናፍጣ ማሳለፍ አይችልም፤ ከሥሩም ውሃ ተጠራቅሞበት ነበር። ያ ሁሉ ሲጣራ ግን ቆሻሻና ውሃ አልፎ ከኢንጀክተሮቹ ሁለቱን ጎድቷቸዋል። መጀመሪያ መታየት የነበረበት ርካሹና ቅርቡ ነገር ሆኖ ሳለ እኛ የጀመርነው ከውዱና ከሩቁ ነበር። የኔም ምክር የተሳሳተ ነበር። ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ምክንያት የሆነኝም ይኸው ነው።

2. ፊልትሮ የሚሠራው ሥራ

በናፍጣ ሞተር ውስጥ ኢንጀክተርና ፖምፓ እጅግ ተጠጋግተው የሚንሸራተቱ የብረት ክፍሎች አሏቸው። በመካከላቸው ያለው ክፍተት የሚለካው በማይክሮን ነው። 1 ሚሊ ሜትር 1,000 ማይክሮን ነው። የሰው ፀጉር ውፍረት 70 ማይክሮን ገደማ ሲሆን የኢንጀክተር መርፌ ክፍተት ግን ከ2 እስከ 4 ማይክሮን ብቻ ነው። ስለዚህ ሞተሩን የሚጎዳው አቧራ በዓይን የሚታየው አይደለም። በጨርቅ የተጠለለ ናፍጣ ለዓይን ንጹሕ ቢመስልም ለኢንጀክተር ንጹሕ ላይሆን ይችላል።

ናፍጣ ፖምፓውንና ኢንጀክተሩን የሚያለሰልስ ቅባትም ነው። ውሃ ሲገባበት ይህ ቅባትነት ይጠፋል፤ ብረቱ ይዝጋል። በተጨማሪም ውሃና ናፍጣ በሚገናኙበት ቦታ ጥቃቅን ሕዋሳት ይራባሉ፤ ጥቁር ዝልግልግ ነገር ፈጥረው ፊልትሮ ይደፍናሉ።

ፊልትሮ የማያደርገውንም ማወቅ ይገባል። ከናፍጣ ጋር የተቀላቀለ ነጭ ጋዝ ወይም ቤንዚን በፊልትሮ አይለይም። በናፍጣው ውስጥ የሟሟ ጥቂት ውሃም አይለይም። የተቀላቀለ ነዳጅ የገዛ ሰው ጥሩ ፊልትሮ ስላለው ሞተሩ ይድናል ማለት አይደለም። ፊልትሮ የመጨረሻው ዘብ ነው፤ የመጀመሪያው ዘብ ናፍጣውን የምንገዛበትና የምናስቀምጥበት መንገድ ነው።

3. ሱቅ ከመሄድ በፊት የሚመለሱ 5 ጥያቄዎች

ጥያቄ 1፦ ሞተሩ ምን ዓይነት ነው?

ነባር ትራክተሮችና የጭነት መኪኖች አብዛኞቹ ሜካኒካል ፖምፓ አላቸው። በእነዚህ ሞተሮች ኢንጀክተሩ የሚከፈተው በ200 ባር አካባቢ ግፊት ነው። አዳዲሶቹ መኪኖችና ኮምባይነሮች ደግሞ ኮመን ሬል የሚባለውን በኮምፒውተር የሚታዘዝ አሠራር ይጠቀማሉ፤ ግፊቱ ከ1,600 ባር በላይ ይደርሳል። ግፊቱ በጨመረ ቁጥር ትንሿ ቅንጣት እንደ አሸዋ ርጭት ብረት ትቦረቡራለች። ስለዚህ ለሜካኒካል ሞተር የሚበቃ ፊልትሮ ለኮመን ሬል አይበቃም። የሞተሩ ቁጥር በሞተሩ አካል ላይ ወይም በተለጠፈው ሰሌዳ ላይ ይገኛል፤ በደብተርዎ ላይ ይመዝግቡት።

ጥያቄ 2፦ በሰዓት ስንት ሊትር ያሳልፋል?

ይህ ብዙ ጊዜ የሚረሳው ጥያቄ ነው። ለግምት የሚረዳ ቀላል ስሌት አለ። አንድ የናፍጣ ሞተር በሙሉ ጉልበቱ ሲሠራ ለእያንዳንዱ የፈረስ ጉልበት በሰዓት 0.22 ሊትር ያህል ያቃጥላል።

• 5 የፈረስ ጉልበት ያለው የውሃ መሳቢያ፦ 5 × 0.22 = 1.1 ሊትር በሰዓት
• 85 የፈረስ ጉልበት ያለው ትራክተር፦ 85 × 0.22 = 18.7 ሊትር በሰዓት
• 200 የፈረስ ጉልበት ያለው የጭነት መኪና፦ 200 × 0.22 = 44 ሊትር በሰዓት

ነገር ግን በትራክተርና በመኪና ሞተር በፊልትሮ የሚያልፈው ናፍጣ ከሚቃጠለው ይበልጣል፤ ትርፉ ፖምፓውን አቀዝቅዞና አለስልሶ በመመለሻ ቱቦ ወደ ታንኩ ይመለሳል። ስለዚህ ፊልትሮው ቢያንስ ከሚቃጠለው 3 እጥፍ ማሳለፍ እንዲችል ማሰብ ጥሩ ነው። ለ200 የፈረስ ጉልበት መኪና 44 × 3 = 132 ሊትር በሰዓት ይሆናል። የሞተሩ መመሪያ መጽሐፍ ካለ ግን ከዚህ ግምት ይልቅ መመሪያው ይታመናል።

የወንድማማቾቹ መኪና የተሸነፈው በዚህ ነው። ሜዳ ላይ ሞተሩ ግማሽ ጉልበቱን እንኳ ስለማይጠቀም ትንሹ ፊልትሮ ይበቃዋል። ከ1,000 ሜትር በላይ ሽቅብ በሚያስወጣው የዓባይ በረሃ ግን ሞተሩ ያለ የሌለ ጉልበቱን ይጠይቃል። የፊልትሮ ጉድለት የሚታየው ያኔ ነው። የትራክተርም እንዲሁ ነው፤ በመንገድ ሲሄድ ጤነኛ ይመስላል፤ ሞፈሩ መሬት ሲገባ ይደክማል።

ጥያቄ 3፦ ስንት ማይክሮን ያጣራል? ከመቶ ስንቱን?

በካርቶኑ ላይ «10 ማይክሮን» ተብሎ መጻፉ ብቻ አይበቃም። ሁለት ፊልትሮዎች ሁለቱም 10 ማይክሮን ተብለው አንዱ ከ10 ማይክሮን ቅንጣቶች ግማሹን ብቻ ሊይዝ ይችላል፤ ሌላው ደግሞ 98.7 በመቶውን ይይዛል። ከ1,000 ቅንጣት በመጀመሪያው 500 ያልፋሉ፤ በሁለተኛው 13 ብቻ። የታወቁ አምራቾች ይህን «ቤታ» በሚባል ቁጥር ይገልጹታል። ቤታ 2 ማለት ግማሹን ይይዛል ማለት ነው፤ ቤታ 75 ማለት 98.7 በመቶ፣ ቤታ 200 ማለት ደግሞ 99.5 በመቶ ይይዛል። ሻጩ ይህን ማስረዳት ካልቻለና በካርቶኑም ላይ ከሌለ፣ የሞተሩ አምራች ያዘዘውን ቁጥር የያዘ ፊልትሮ መግዛት ይሻላል።

«የደቀቀው ሁሉ ይሻላል» ማለትም ስህተት ነው። ከመጠን በላይ ደቃቅ የሆነ ፊልትሮ ቶሎ ይደፈናል፤ ነዳጅም ያሳጣል። ለዚህ ነው ትልልቅ ሞተሮች ሁለት ደረጃ ያላቸው። ከታንኩ ቀጥሎ ያለው የመጀመሪያው ፊልትሮ ከ10 እስከ 30 ማይክሮን ሆኖ ውሃና ሻካራ ቆሻሻ ይይዛል። ከመግፊያው ፖምፓ በኋላ ያለው ሁለተኛው ደቃቁን ይይዛል፤ በኮመን ሬል ሞተር ከ2 እስከ 5 ማይክሮን ይደርሳል። አንዱን አውጥቶ በአንድ ብቻ መሥራት ሁለቱንም ማበላሸት ነው።

ጥያቄ 4፦ ውሃ ይለያል ወይ?

በአካባቢያችን ይህ ጥያቄ መታለፍ የለበትም። ከኅዳር እስከ ጥር ቀኑ ይሞቃል፣ ሌሊቱ ይበርዳል። ታንኩ ጎደሎ ሆኖ ካደረ በባዶው ክፍል ያለው እርጥብ አየር በሌሊት ብርድ ጤዛ ይሆንና ከናፍጣው በታች ይዘቅጣል። በክረምት ደግሞ ደጅ በቆመ በርሜል ክዳን ላይ የተኛ ዝናብ ወደ ውስጥ ይሳባል። ስለዚህ የመጀመሪያው ፊልትሮ ከሥሩ ውሃ ማጠራቀሚያ ኩባያና ማፍሰሻ ብሎን ያለው ይሁን። ኩባያው ብርሃን የሚያሳልፍ ከሆነ ውሃው በዓይን ይታያል፤ በሥራ ወቅት ጠዋት ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ ማየትና ማፍሰስ ነው።

ጥያቄ 5፦ በትክክል ይገጥማል ወይ?

የመግጠም ጥያቄ የመጨረሻው እንጂ የመጀመሪያው አይደለም። ጥርሱ መግጠሙ፣ ጎሚኒው መቀመጡና ቁመቱ መስማማቱ ያስፈልጋል፤ ግን ማስረጃ አይሆንም። የዘይት ፊልትሮና የናፍጣ ፊልትሮ አንዳንዴ አንድ ዓይነት ጥርስ አላቸው። አብዛኛው የዘይት ፊልትሮ ሲደፈን ዘይቱ ሳይጣራ እንዲያልፍ የሚከፍት ቫልቭ አለው። በናፍጣ መስመር ላይ ቢታሰር ቆሻሻው በቀጥታ ወደ ፖምፓው ይገባል። ስለዚህ አሮጌውን ፊልትሮ ይዘው ሱቅ ሲሄዱ ጥርሱን ብቻ ሳይሆን በላዩ የተጻፈውን ቁጥር ያስተያዩ። የወጣው ፊልትሮ ራሱ የተሳሳተ ሊሆን ስለሚችል ቁጥሩን ከሞተሩ ቁጥር ጋር ያረጋግጡ።

4. ስለ «ፖምፓ መክፈት»

ብዙ የመኪና ባለቤቶች ጉልበት ለመጨመር ፖምፓ ያስከፍታሉ። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊቱ በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በዚህ ምክንያት ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህል ያጣል። የጎደለው አየር እንጂ ናፍጣ አይደለም። አየር በሌለበት ናፍጣ ቢጨመር ሳይቃጠል ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል፤ ሞተሩ ይግላል፤ ወጪው ይጨምራል። ቱርቦ ያለው ሞተር የከፍታውን ጉዳት በከፊል ይቋቋማል፤ እሱም ቢሆን ገደብ አለው።

ፖምፓው በባለሙያ ተለክቶ የተስተካከለ ከሆነ ደግሞ የፊልትሮው ስሌት አብሮ መስተካከል አለበት። ጉልበቱ ከ200 ወደ 240 ቢያድግ የሚቃጠለው 240 × 0.22 = 52.8 ሊትር ይሆናል፤ በፊልትሮው የሚያልፈውም በዚያው ልክ ይጨምራል። ከፍታው የነዳጅ መሳቡንም ያከብደዋል። መግፊያው ፖምፓ ናፍጣ ከታንክ የሚስበው በአየር ግፊት እየታገዘ ነው፤ ግፊቱ ሲያንስ የተደፈነ የመጀመሪያ ፊልትሮ ችግር ከቆላው ይልቅ በደጋው ቶሎ ይታያል።

5. የውሃ መሳቢያ ሞተር ለየት ይላል

ትንንሽ የውሃ መሳቢያ ሞተሮች ብዙዎቹ መግፊያ ፖምፓ የላቸውም፤ ናፍጣው ከላይ ካለው ታንክ በክብደቱ ይወርዳል። በዚህ መስመር ላይ የመኪና ደቃቅ ፊልትሮ ቢታሰር ናፍጣው የማለፍ ኃይል ያጣል፤ ሞተሩም እየተንፈራፈረ ይጠፋል። ለእነዚህ ለራሳቸው የተሠራውን ፊልትሮ ብቻ ይጠቀሙ። የታንኩን አፍ ወንፊት አውጥቶ መጣልም የተለመደ ስህተት ነው።

6. ናፍጣ በቤት ሲቀመጥ

• በርሜሉ ጥላ ውስጥ፣ ከመኖሪያ ቤትና ከእሳት ርቆ፣ ከመሬት ከፍ ብሎ ይቀመጥ። ደጅ ከሆነ ክዳኑ ላይ ውሃ እንዳይተኛ በአንድ ጎኑ ዘንበል ይበል።
• በዚንክ የተለበጠ በርሜል ወይም ጀሪካን ለናፍጣ አይሆንም። ዚንኩ ከናፍጣው ጋር ተዋህዶ ፊልትሮ የሚደፍን ዝቃጭ ይፈጥራል።
• የመጣ ናፍጣ ከመቀዳቱ በፊት ቢያንስ 24 ሰዓት ይረፍ። መቅጃው ቱቦ ከበርሜሉ ወለል አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ይበል፤ ከታች የቀረው ዝቃጭ ወደ ሞተር አይገባም።
• የዘይት፣ የማርና የፀረ አረም ጀሪካን ለናፍጣ አይጠቀሙ።
• ማታ ከሥራ ሲመለሱ የትራክተሩን ታንክ ሞልተው ያሳድሩ፤ ጤዛ የሚሆን ቦታ አይተዉ።

የናፍጣ ፍተሻ፦ በንጹሕ ነጭ ጠርሙስ ቀድተው ብርሃን ላይ ይያዙት። ጥሩ ናፍጣ ጥርት ያለ ነው። ጭጋግ ከታየበት ውሃ አለው። ጠርሙሱን ሌሊቱን አሳድረው ጠዋት ከሥሩ ውሃ ወይም ጥቁር ነገር ከተኛ ያንን ናፍጣ ወደ ሞተር አያግቡ።

7. መቼ ይቀየራል? እንዴት ይታሰራል?

ብዙ የትራክተር መመሪያዎች የናፍጣ ፊልትሮ ከ250 እስከ 500 የሥራ ሰዓት ባለው ጊዜ እንዲቀየር ያዛሉ። ናፍጣው በጀሪካንና በበርሜል የሚመጣ ከሆነ ዝቅተኛውን ይያዙ። ከሰዓቱም ሌላ አጨዳ ከመጀመሩ በፊት መቀየር ብልህነት ነው፤ አንድ ትርፍ ፊልትሮም በመሣሪያ ሳጥን ውስጥ ይኑር።

የተደፈነ ፊልትሮ ምልክቶች፦ ሞተሩ ያለ ጭነት ጥሩ ሆኖ በጭነት ይደክማል፤ ጠዋት ለመነሳት ያስቸግራል፤ ድምፁ ከፍ ዝቅ ይላል። ጥቁር ጭስ ከበዛ ግን መጀመሪያ የአየር ፊልትሮውን ይመልከቱ፤ የናፍጣ ፊልትሮ መደፈን ነዳጅ ያሳንሳል እንጂ ጥቁር ጭስ አያበዛም።

አስተሳሰር፦
1ኛ. አካባቢውን በንጹሕ ጨርቅ ይጥረጉ፤ በነፋስና በአቧራ መካከል አይፍቱ።
2ኛ. የአዲሱን ጎሚኒ በንጹሕ ናፍጣ ያርሱ። አሮጌው ጎሚኒ ከመቀመጫው ላይ ተጣብቆ አለመቅረቱን ይመልከቱ።
3ኛ. ሁለተኛውን (ደቃቁን) ፊልትሮ ከጀሪካን ናፍጣ ሞልተው አይሰሩ፤ ያልተጣራው ናፍጣ በቀጥታ ወደ ፖምፓው ይሄዳል። ባዶውን አስረው በእጅ ፖምፓ ይሙሉት።
4ኛ. ጎሚኒው ሲነካ ካርቶኑ ላይ በታዘዘው መጠን በእጅ ያጥብቁ፤ ብዙ ጊዜ 3/4 ዙር ነው። በቁልፍ አያስጨንቁት።
5ኛ. በማስተንፈሻው ብሎን አየሩን ያውጡ፤ ሞተሩን አስነስተው ፍሳሽ ይፈትሹ።

ማሳሰቢያ፦ በኮመን ሬል ሞተር ላይ ሞተሩ እየሠራ የኢንጀክተር ቱቦ መፍታት በፍጹም የተከለከለ ነው። በዚያ ግፊት የሚፈናጠር ናፍጣ ቆዳ በስቶ ሥጋ ውስጥ ይገባል። እንዲህ ያለ አደጋ ከደረሰ ቁስሉ ትንሽ ቢመስልም ሳይዘገዩ ወደ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል። አሮጌ ፊልትሮና የፈሰሰ ናፍጣም በምንጭ፣ በወንዝና በማሳ አጠገብ አይጣል።

8. ማጠቃለያ

ፊልትሮ ሲመረጥ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ የሞተሩ ዓይነት፣ የፍሰቱ መጠን፣ የማጣራቱ ልክ፣ ውሃ መለየቱ፣ በመጨረሻም መግጠሙ። ሱቅ ውስጥ የተለመደው ግን ተገላቢጦሹ ነው፤ «ይገጥማል?» ተብሎ ይጠየቃል፣ «ይገጥማል» ተብሎ ይሸጣል። ሞተር ሲደክምም ፍተሻው ከታንኩ ተነስቶ በፊልትሮው በኩል ወደ ፖምፓው ይሂድ፤ ከፖምፓው አይጀመር። ሞተር በአጨዳ ሰሞን አንድ ሳምንት ቆመ ማለት የደረሰ እህል ለዝናብና ለመርገፍ ተጋለጠ ማለት ነው።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. የራስዎ ወይም የማኅበርዎ ሞተር ስንት የፈረስ ጉልበት አለው? በሙሉ ጉልበቱ በሰዓት ስንት ሊትር ያቃጥላል? ፊልትሮው ቢያንስ ስንት ሊትር ማሳለፍ አለበት?
2. ትራክተር በመንገድ ጥሩ እየሄደ በእርሻ ላይ ቢደክም ምን ምን በቅደም ተከተል ይፈትሻሉ?
3. በቀበሌያችሁ ናፍጣ በምን ዕቃ ይመጣል? የት ይቀመጣል? ከክፍል 6 አንጻር ምን መስተካከል አለበት?

የቤት ሥራ፦ ከቀጣዩ ስብሰባ በፊት እያንዳንዱ ሠልጣኝ ከራሱ በርሜል አንድ ጠርሙስ ናፍጣ ቀድቶ ያሳድር፤ የሞተሩንና የፊልትሮውን ቁጥርም በደብተሩ ጽፎ ይምጣ። ጠርሙሶቹን ጎን ለጎን አስቀምጠን አብረን እናያለን።